ጸጋው ልዩ ልዩ፥ ሥራው አንድ

እግዚአብሔር የሰውን ልጅ በባሕርይ አንድ አድርጎ ሲፈጥረው በጸጋ ግን ልዩ ልዩ አድርጎታል። ይህም ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው ለማጉደል አይደለም፤ አንዱ ያለ ሌላው መኖር እንዳይችል፥ በመፈላለግም ፍቅር እንዲጸና ነው እንጂ።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ የድንኳኑን ምሳሌ በደብረ ሲና ተመለከተ፤ ነገር ግን ወርቁን ራሱ ያነጥር፥ መጋረጃውንም ራሱ ይሸምን ዘንድ አልታዘዘም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እንደ ተጻፈ፥ እግዚአብሔር ከይሁዳ ነገድ ባስልኤልን መርጦ መንፈሱን ሞላበት፤ ከዳን ነገድም ኤልያብን ረዳት ሰጠው። እንግዲህ ትንቢትን የሰጠ አምላክ የእጅ ጥበብንም የሰጠ እርሱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፥ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶች ስለ ተዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ማዕዱንም ስብከቱንም ብቻቸውን ይዘው ቢሆን ሁለቱም በተጓደለ ነበር። ሰባቱ ዲያቆናት ተመርጠው ማዕዱን በተረከቡ ጊዜ ግን፥ መበለቶቹ ጠባቂ አገኙ፤ ሐዋርያትም በጸሎትና በትምህርት ተጉ፤ የምእመናንም ቍጥር በኢየሩሳሌም እጅግ በዛ።

በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ያሉትን የብራና መጻሕፍት ደግሞ እንመልከት። አንዱ የፍየሉን ቆዳ ነክሮ፥ ወጥሮ፥ ፍቆ ብራና ያደርገዋል፤ አንዱ ቀለም በጥብጦ በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ አንዱ ሥዕሉን ይሥላል፤ አንዱ ጠርዞ በቆዳ ይደጕሳል። ሁሉን አጣምሮ የያዘ ባለሙያ አይታጣም፤ ሆኖም ዕለት ዕለት የሚፍቅ እጅ ብራናውን ሳይበሳ ማሳሳትን ይለምዳል፤ ዕለት ዕለት የሚጽፍም ፊደሉ ይስተካከላል፥ መሣሪያ በመለዋወጥም ቀኑ አይባክንበትም። ስለዚህ አራቱ ተባብረው የሚሠሩት፥ እያንዳንዳቸው ሁሉን ሊሠሩ ቢሞክሩ ከሚያወጡት ይበዛል፤ ያምራልም።

ነገር ግን በአገራችን አንድ ከባድ ነውር ኖሯል። መጽሐፉን የሚሳለም ሕዝብ ቆዳውን ያለሰለሰውን ይንቃል፤ «ፋቂ» የሚለውንም የሙያ ስም ስድብ አድርጎታል። ማረሻ የሚቀጠቅጥለትን «ቡዳ» ብሎ ከማዕዱ ያርቀዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአንደበት ሁሉ አልጠፋም። ጕዳቱም የተሰደበው ብቻ አይደለም፤ የተናቀን ጥበብ ልጅ ከአባቱ ሊወርስ ያፍራልና፥ አገር በሙሉ ይደኸያል።

ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ ተጠራ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ አስተማረ። እንዲህ ከሆነ በእጁ የሚሠራውን የሚነቅፍ ሰው ማንን እንደሚነቅፍ ይወቅ! የንስሐ አባቶች ሆይ፥ ይህን ስድብ እንደ ቀላል ነገር አንለፈው፤ ልጆቻችንን ስለ እርሱ እንጠይቃቸው፥ በዐውደ ምሕረትም እናስተምር። ምእመናን ሆይ፥ የተሰጠንን ጸጋ ሳንደብቅ እንሥራበት፤ የሌላውንም ጸጋ እንደ ራሳችን እናክብር። ዐይን እጅን አላስፈልግህም ሊለው አይችልምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።