ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ

ወጣቶች ሆይ፤ ትምህርት ብርሃን ነው ሲባል እየሰማችሁ አድጋችኋል፤ እውነትም ነው። ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የፈጸምሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህን ቃል የምክድበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ብርሃንም ቢሆን አያያዙን ካላወቁበት ቤት ያቃጥላል። ስለዚህ ለእናንተ አንድ ጥያቄ ላቀርብላችሁ አሰብሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ለአንድ ልጅ ዕውቀት እየሰጡ እናቱን፣ ስሙንና ቋንቋውን ቢነጥቁት ያ ልጅ ተጠቀመ ይባላልን? ሰጪውስ በጎ አደረገ ይባላልን?

ይህ ለክርክር ያህል የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። በካናዳ አገር ከአውሮፓ የመጡ ሰዎች ከመስፈራቸው በፊት የኖሩ ነባር ሕዝቦች አሉ። የካናዳ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1883 ጀምሮ የነዚህን ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየለየ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ያኖር ጀመር። ገንዘቡን የሚሰጠው መንግሥት ሲሆን ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት ግን አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በ1920 ደግሞ ወላጅ ልጁን እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ልጁ በበሩ ሲገባ ጠጉሩ ይቆረጣል፤ እናቱ ያለበሰችው ልብስ ይወሰዳል፤ በብዙዎቹ ቤቶች በስሙ ፈንታ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር ከተገኘ ይቀጣል። ከ130 በሚበልጡ እንዲህ ባሉ ቤቶች 150,000 ያህል ልጆች አለፉ። ፒተር ብራይስ የሚባል የመንግሥት ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ ልጆቹን እየጨረሰ መሆኑን በ1907 ጽፎ ቢያስታውቅ ቃሉ ቸል ተባለ። የመጨረሻዎቹ ቤቶች የተዘጉት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ነገሩን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲፈጽም፣ ከ3,200 የማያንሱ ልጆች እዚያው እንዳሉ መሞታቸውን አስታወቀ፤ ድርጊቱንም ባህልን የገደለ የዘር ማጥፋት ሲል ጠራው።

የሞቱት ሞቱ። በሕይወት የወጡትስ? እነርሱ ለኮሚሽኑ የሰጡት ምስክርነት ከሞቱት ቁጥር ይልቅ ልብን ይነካል። ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከእናታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ ጠፍቶባቸው ነበር። እናት በልጅዋ ፊት እንደ ባዕድ ቆመች፤ ልጅም በእናቱ ቤት እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ከዚህም የከፋ ነገር ተከተለ። ሰው ወላጅ መሆንን የሚማረው ከወላጁ ነው። በደወል ተነሥቶ፣ በደወል በልቶ፣ በደወል የተኛ፣ ሲያለቅስ የሚያቅፈው ያላገኘ ልጅ አድጎ አባት በሆነ ጊዜ የራሱን ልጅ ማቀፍ አያውቅበትም። ኀዘኑን የሚናገርበት ቃል ስለሌለው ይቈጣል፤ ወይም በመጠጥ ያደነዝዘዋል። ልጆቹም ያን ቤት በዓይናቸው ሳያዩት ቁስሉን ይወርሱታል። አባት ለልጁ ርስት ብቻ ሳይሆን ያልተነገረ ኀዘንም ያወርሳልና።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «ዓላማቸው እኮ በጎ ነበር፤ ልጆቹን ከድንቁርና ለማውጣት ነው» ይል ይሆናል። ከመምህራኑ መካከል ቅን ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም። እኔ ራሴ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝና ከሩቅ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን ለሰው ልጆች የሰጡ ደጋግ መምህራን አውቃለሁ። ነገር ግን በጎ ሐሳብ በጎ ሥራ የሚሆነው የሚረዳውን ሰው ሲያከብር ነው። አበው «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ብለዋል። ንፍጡን መጥረግ ተገቢ ነው፤ በንፍጡ ምክንያት ልጁን መጸየፍ ግን ፍቅር አይደለም። የካናዳ አዳሪ ቤቶች ልጁን የወደዱት ሌላ ልጅ እስኪሆን ድረስ ብቻ ነበር። ይህም ጣት ቆርጦ ቀለበት እንደ መስጠት ያለ ነው። ቀለበቱ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ በምን ላይ ይጠለቅ?

ሌላው ደግሞ፣ «መከራስ በእኛም አገር ነበረ፤ ሳይራቡና ሳይገረፉ የተማረ ማን አለ?» ይል ይሆናል። ይህ ከፊተኛው የበረታ ክርክር ነውና በጥንቃቄ እንመልከተው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ያደገ ሰው የቆሎ ተማሪን ኑሮ ያውቃል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በዚያ ውርጭ በየደጃፉ እየቆመ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ቅኔ ለመማር ብዙ ቀን በእግሩ ተጉዞ እናቱን ለዓመታት ሳያይ ይኖራል። የመምህሩም አለንጋ ቀላል አልነበረም። ያን አለንጋ ላመሰግነው አልፈልግም፤ ልጅን የሚያስፈራ ዱላ በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ ያው ዱላ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ ተማሪዎች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

የቆሎ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ እንዲያውም ከብት ጠብቅ ያለውን አባቱን ጥሎ የሚኰበልል ጥቂት አልነበረም። ቁራሽ የሚሰጡት እናቶች በቋንቋቸው ይመርቁታል፤ እርሱም ይገባዋል። የሚማረውም ነገር ወገኖቹ ከሁሉ ይልቅ የሚያከብሩት ነው። መሪጌታ ተብሎ ሲመለስ አገሩ በእልልታ ይቀበለዋል፤ ከፊተኛው ይልቅ የአገሩ ልጅ ሆኖ ይገባል። የካናዳው ልጅ ግን የተማረው የገዛ አያቱን መናቅ ነው። እንግዲህ ልጅን ለዘለዓለም የሚሰብረው መራብ ብቻ፣ መራቅም ብቻ አይደለም። የሚሰብረው፣ «አንተ የመጣህበት ቤት ከንቱ ነው» የሚለውን ቃል በየቀኑ እየሰማ፣ በመጨረሻ እውነት ነው ብሎ መቀበሉ ነው።

ይህን ነገር ከታሪካችን ሁለት ልጆች አንሥቼ ላስረዳ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ የንጉሥ ኃይለ መለኮት ልጅ ምኒልክ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ተማርከው ሄዱ፤ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስም በምርኮ ኖሩ። ምርኮ ምርኮ ነውና ደግነት ነው አንልም። ነገር ግን አጎታቸው ዳርጌና ሌሎችም የሸዋ ሰዎች አብረዋቸው ነበሩ። ስማቸው አልተለወጠም፤ የሚነጋገሩበት ቋንቋና የሚጸልዩበት ሥርዓት አልተነጠቁም። ቴዎድሮስም ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ በገቡ ጊዜ ምኒልክ ሕዝቡን ያውቁ ነበር፤ ሕዝቡም እርሳቸውን ያውቅ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ደግሞ የቴዎድሮስ የራሳቸው ልጅ ዓለማየሁ በተራው ተወሰደ። ዕድሜው ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረው ሲጓዙ በመንገድ ሞቱ። አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የሚባል የጦር መኰንን አሳዳጊው ሆነ፤ ልጁም ለመደው። ቈይቶ ግን ባለሥልጣኖቹ ለትምህርቱ ሲባል ብለው ከርሱም ለዩትና ወደ ቼልተናም፣ ከዚያም ወደ ራግቢ ትምህርት ቤት፣ በኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። ማንም አላስራበውም፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ከልባቸው ያዝኑለት ነበር። ሆኖም ንግሥቲቱ ራሳቸው በማስታወሻቸው እንደ ጻፉት ኑሮው ደስታ አልነበረውም፤ በመልኩ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያፈጥበት እየመሰለው ይሳቀቅ ነበር። በ1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተና በዊንድሶር ተቀበረ። በመታሰቢያው ሰሌዳ ላይ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ጻፉለት። ራሳቸው ያመጡትን ልጅ በእንግድነት የመጣ አደረጉት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 አጽሙ እንዲመለስ የቀረበው ልመና የሌሎችን አጽም ያውካል ተብሎ አልተፈቀደም፤ በዚያው ዓመት ከጠጉሩ ጥቂት ተመለሰ። ሁለቱም ልጆች ተወስደዋል። አንዱ ግን ራሱን ይዞ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ምቾት ሳይጎድለው ሰው አጣ።

በሚሲዮን እጅ ያደገ ልጅ ሁሉ ጠፋ እንዳትሉ ደግሞ ኦኔሲሞስ ነሲብን አስቡ። ኢሉባቦር ተወልዶ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ የኦሮሞ ልጅ ነበር። በምፅዋ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ስዊድን አገርም ሄዶ ተማረ። ነገር ግን ዕውቀቱ የወገኖቹን ቋንቋ አላስጠላውም። ይልቁንም እንደርሱ ከባርነት ከወጣች አስቴር ጋኖ ከምትባል ብልህ ሴት ጋር ሆኖ በኦሮምኛ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 አሳተመ። የባዕድ ትምህርት የራስን ቤት ለመሥራት ሲያገለግል እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል። ስለዚህ ጥያቄው ትምህርቱ ከየት መጣ የሚል አይደለም፤ ልጁን ወዴት ይመልሰዋል የሚል ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ የካናዳን ኃጢአት ብቻ ቈጥረን እጃችንን ብንታጠብ ደግሞ ግብዝነት ይሆናል። ልጅ ሳለሁ በኖርሁበት አንድ አዳሪ ቤት፣ በግቢው ውስጥ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የተናገረ ልጅ እንጨት ባንገቱ ይንጠለጠልበት ነበር። እንጨቱ የሚወርድለትም ሌላ ጥፋተኛ ሲይዝ ነው፤ በዚህም ልጅ በልጅ ላይ ሰላይ ሆነ። ከመካከላችን ከሩቅ አውራጃ የመጣ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ገና ያልለመደ አንድ ልጅ ነበረ። ሌሊት በእንቅልፉ እናቱን ባገሩ ቋንቋ ሲጠራ እንሰማው ነበር፤ ቀን ግን ዝም ይላል። መምህራኑም ጨዋ ልጅ ነው እያሉ ያመሰግኑት ነበር። ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አለመሆኑን የተረዳሁት ከርሱ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች አማርኛ የእናታችን ጡት ነው። ለሌላው የአገራችን ልጅ ግን ትምህርት ቤት በገባበት ቀን ያፈረበት ቋንቋ ሊሆን እንደ ቻለ ማሰብ ይገባናል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ሲያዝ፣ ያካባቢ ቋንቋ በቃል ብቻ፣ ያውም ለመጀመሪያው ጊዜ እንዲያገለግል ነበር የፈቀደው። አገርን በአንድ ቋንቋ ማገናኘት የራሱ በጎ ምክንያት ነበረው፤ በክፍል ውስጥ አፉ የተያዘበት ትንሽ ልጅ ግን ያን ምክንያት አያውቅም። ኋላ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እስከ ማስተማር ደረሰ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት ባፍ መፍቻቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ሕግ ግን የሰውን አፍ አይዘጋም። ዛሬም ቢሆን በአነጋገሩ የሚሣቅበት፣ ስሙ እየተጣመመ የሚጠራ ልጅ አለ። ያ ሣቅ ትንሽ ይመስላል፤ የአዳሪ ቤቶቹም ግንብ የተሠራው እንዲህ ካለው ትንሽ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቁስል ይድናልን? «ያለፈ አልፏል፤ እርሱት» ማለት መድኃኒት አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር እስቲፈን ሃርፐር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጳጳስ ፍራንሲስም በ2022 እዚያው አገር ድረስ ሄደው ይቅርታ ለመኑ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ አንዳንዶች ደግሞ አልበቃንም አሉ። ሁለቱም መብታቸው ነው፤ ይቅርታ ጠያቂው የይቅርታውን ቀን ሊቈርጥ አይችልምና። ይሁን እንጂ እውነቱ በአደባባይ መነገሩ አንድ ትልቅ ነገር ያደርጋል። ያ ሰው ዕድሜውን በሙሉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» እያለ ተሸክሞት የኖረውን ዕፍረት ከትከሻው አንሥቶ በባለቤቱ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ የተነጠቀውን መመለስ ይቀራል። ይኸውም ቋንቋውን ለልጅ ልጆቹ ማስተማር፣ የሞቱትን መቃብር ፈልጎ በስማቸው መጥራት፣ የሚናገረውንም ሳይሰለቹ መስማት ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የሚሆን አለ፤ ወላጅ የሚሆነውም ብዙ ነው። ከሩቅ የመጣ፣ ቋንቋችሁን ያልለመደ ልጅ ፊታችሁ በተቀመጠ ጊዜ፣ ከፊደል በፊት ስሙን እናቱ እንደምትጠራው አድርጋችሁ መጥራትን ተማሩ። በቋንቋው አንዲት ቃል ጠይቁትና አብራችሁት በሉ። ከዚያ በኋላ የምትሰጡትን ዕውቀት ሁሉ ስጡት፤ ባለው ላይ ይጨምርበታል እንጂ ያለውን አይወስድበትም። እኔ ለመጀመሪያው ጥያቄ የማገኘው መልስ ይህ ነው። ተምሮ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ የሚዘጋ ትምህርት፣ የቱን ያህል ቢበዛ ስጦታ ሊባል አይገባውም።