«ገና ነሽ» ለማለት መብት ያለው ማነው?

እህቶቼ፣ ልጅን «ገና ነሽ፣ ቆዪ» ማለት ደግነት ነው ወይስ ጭካኔ? ጥያቄው የመጣብኝ ካልጠበቅሁት ቦታ ነው፤ ዱባይ የምጠብቃትን ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ከማደርስበት የባሌት ክፍል። (አንዳንዱ «ባሌ ዳንስ» ይለዋል። እኔም እናቴን በስልክ እንደዚያ ብያት «መቼ አገባሽ?» ስላለችኝ «ባሌት» ማለቱ ይሻለኛል።)

ከመስታወቱ ውጪ ተቀምጬ ማየት ከጀመርኩ ዓመታት ስለሆነኝ ሥርዓቱን አውቄዋለሁ። 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው የሚማሩት በጨዋታ ነው፤ ቢራቢሮ ይሆናሉ፣ ከሙዚቃው ጋር ይዘላሉ፣ ተራ መጠበቅ ይለምዳሉ። 5 እና 6 ሲሞላቸው ተረከዝን ገጥሞ መቆም፣ ጀርባን ሳያጎብጡ ጉልበትን ማጠፍ ይመጣል። «ፕሊዬ» ይሉታል፤ ቃላቱ ፈረንሳይኛ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን እንጨት ይዞ ያንኑ መደጋገም ነው፤ ዛሬም ያው፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያው። እግር ወደ ውጭ መዞር ያለበት ከዳሌ ነው። ልጅቷ ቸኩላ ከታች ካዞረችው ጉልበቷ ይጎዳል። ስለዚህ ጥሩ መምህር ብዙ ከዞረ ውሸተኛ እግር ይልቅ ትንሽ የዞረ እውነተኛ እግር ትመርጣለች።

እዚህ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች በ1920 ለንደን የተመሠረተውን የሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስን ደረጃ ይከተላሉ። ከሕፃናቱ ደረጃዎች ቀጥሎ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል፤ ለየደረጃው ፈተና አለው።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት አይሰጠውም። ዜማ ሳይማር አቋቋም ገብቶ በመቋሚያና በጸናጽል ልዝመም የሚል ደብተራም የለም። ቁርአን ቤት የሄዳችሁ ደግሞ፣ የተጻፈላችሁን ሳትይዙ ሉሁ እንደማይታጠብላችሁ ታውቃላችሁ። እስክስታ ብቻ ነው ማንም ደረጃ ሳያወጣለት በሠርግ ቤት የተማርነው።

የባሌት ልጆች ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን ጫማ። እኔ ውስጡ ብረት ያለ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። የሰውነት ክብደት በሙሉ በዚያች ጫፍ ላይ ያርፋል። የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ የእግር አጥንት ደግሞ ገና እያደገ ነው፤ ጠንክሮ አላለቀም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት በፊት የማይሰጡት። ዕድሜ ብቻውንም አይበቃም። የስንት ዓመት ልምምድ አላት? በአንድ እግሯ ደጋግማ ስትነሳ ቁርጭምጭሚቷ ይንቀጠቀጣል? ወገቧ ይይዛታል? ይሄ ሁሉ ይታያል። ሲፈቀድላትም መጀመሪያ በሁለት እጇ እንጨቱን ይዛ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የኔዋ ልጅ 10 ዓመቷ ነው። ጓደኛዋ ሌላ ቦታ ጫማውን ስላገኘች መኪና ውስጥ አለቀሰች። ማዳም መምህሯን «ልጄ ትፈልጋለች፣ እኔ እከፍላለሁ፤ ምን ቸገረሽ?» አለቻት። መምህሯ እምቢ አለች።

እኔ በልቤ ከመምህሯ ጋር ቆምኩ። የልጅቷ ፍላጎት እውነት ነው፣ የእናቷም ገንዘብ እውነት ነው። ግን በዚያ እግር የምትሄደው የ30 ዓመቷ ሴት ናት። እሷ ክፍሉ ውስጥ የለችም፣ «ትስማሚያለሽ?» የሚላትም የለም። ጥቅሟን የሚጠብቅላት ሰው ያስፈልጋታል፤ ያን ቀን መምህሯ ጠበቀችላት።

ማታ በሻርጃ መንገድ መጨናነቅ ተንፏቅቄ አጅማን ስደርስ፣ ክፍል ለምንጋራው ሴቶች ይህን አወራሁ። አንዷ ሳቀች። «እኔ በ16 ዓመቴ ስመጣ ፓስፖርቴ 24 ይል ነበር፤ ደላላው ነው ያስጨመረው። ስለኔ አጥንት ማን አሰበ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱም እንዲህ የመጣችው እሷ ብቻ አይደለችም።

ሕግ አለ። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ አያሰማራም፤ የኢማራት የ2022 የቤት ሠራተኞች ሕግም ከ18 በታች መቅጠርን ይከለክላል። ይህን ስነግራት የመለሰችልኝ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፦ «8ኛ ክፍል ስጨርስ ቆዪ ያሉኝ ሞልተው ነበር። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ ቤት መከራያ የለም። ምን እየሠራሁ ልቆይ?»

ልዩነቱ እዚህ ጋ ይመስለኛል። መምህሯ ማክሰኞ «ገና ነሽ» ካለች ሐሙስ ተመልሳ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ታጠነክራለች። ለልጅቷ መቆየት ማለት ሥራ ነው፤ አብሯት የሚሠራም አላት። እኛን «ገና ናችሁ» ያለን ሰው ግን ቃሉን ተናግሮ ወደ ቤቱ ገባ። እንዲህ ያለው «ገና» ምንም ትክክል ቢሆን፣ በልጅቷ ፊት በር ከመዝጋት በምን ይለያል?

ባሌትን ማሞገሴ አይደለም። ከ1738 ጀምሮ ያለው የሴንት ፒተርስበርጉ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ቫጋኖቫ አካዳሚ የሚባለው፣ 10 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ሰውነታቸውን እያየ ይመርጣል። እዚያ «ቆዪ» ብቻ ሳይሆን «አትሆኚም» የሚባሉት ብዙ ናቸው።

በኛም አገር የታየ ነገር አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ለመድረክ አበቃ። ዳንሱ ባሌት ሳይሆን ዘመናዊ ነበር። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ነገሩ አላበቃም፤ ከልጆቹ 18ቱ «አዱኛ» በሚባለው ቡድን የአምስት ዓመት ሥልጠና ተሰጣቸው። ከነሱ መካከል ጁነይድ ጀማል እና አዲሱ ደምሴ በኋላ «ዴስቲኖ» የተባለ የራሳቸውን የዳንስ ቡድን አቋቁመዋል። እኔን የገረመኝ መድረኩ አይደለም፤ አምስት ዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ የማስበው የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ስለሆነ ነው። ሐይቅ ናት፤ ደላላ አነጋግሯታል። «ራሷ ናት የፈለገችው» ይሉኛል ቤተሰቦቼ፤ እውነትም ራሷ ናት። ደውዬ «ገና ነሽ» አልኳት። «እሺ አክስቴ፣ እስከዚያስ?» አለችኝ።

ደሴ ተከራይታ 11ኛ ክፍል ብትማር የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ስንት እንደሚፈጅ አጅማን ቁጭ ብለን አሰላን። ለኔ ብቻዬን ይከብዳል፤ ለአራት ሲካፈል ግን ለያንዳንዳችን በወር ከ100 ድርሃም ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያውን 100 ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው ያቺው፣ በ16 ዓመቷ 24 የተባለችው ናት።