እጇን የያዝኩት እኔም ነኝ

እኔ እዚህ ጂዳ በቤት ሠራተኝነት ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትምህርቴ አስረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሕግ አዋቂ አይደለም። አንድ ነገር አድርጋ «ልክ ነበርኩ ወይስ በድያለሁ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ እንደነሳት ሰው ነው።

ነገሩ ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ሰቢል ውስጥ አምስት ሆነን በተከራየናት ክፍል አንዲት የወሎ ልጅ ከምትሠራበት ቤት ጠፍታ መጥታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ስሟን አልጠራም። እንቅልፍ የላትም። ግድግዳ እያየች ታወራለች፣ «ማዳም መጣች» ብላ ትደበቃለች። አንድ ሌሊት የፎቁ ጣራ ላይ ወጥታ ጫፉ ጋ ቆመች። ደረስንባት። አራት ሆነን እጅ እግሯን ይዘን አወረድናት። በሩን ቆለፍን፣ ቁልፉን እኔ ያዝኩ። «ልቀቁኝ» እያለች አለቀሰች፣ አለቀቅናትም። ኢቃማ ስለሌላት ወደ ውጭ ብናወጣት ሹመይሲ ትገባለች ብለን ፈራን። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ቀን ቆለፍንባት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው «አልፈልግም» እያለ «ለራስሽ ነው» ተብሎ ሊያዝ፣ ሊቆለፍበት፣ መድኃኒት ሊሰጠው ይገባል ወይ? ከተገባስ የሚወስነው ማነው?

«በጭራሽ አይገባም» የሚሉ አሉ። ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 14 ላይ፣ አካል ጉዳት መኖሩ የሰውን ነፃነት ለመንፈግ ምክንያት አይሆንም ይላል። የአእምሮ ጉዳትም በዚያ ስምምነት ውስጥ ይቆጠራል። ሳዑዲ በ2000 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ተቀብለውታል። አከብረዋለሁ። ግን ያን ሌሊት ጣራ ላይ «ነፃነቷ ነው» ብዬ እጄን አጣጥፌ ብቆም ኖሮ ዛሬ ልጅቷ የለችም። ስለዚህ «በጭራሽ» የሚለውን እኔ ልቀበለው አልቻልኩም።

«ለራሷ ነው» የሚለውስ? እዚህ ላይ ዓለም ደቻሳን ላንሳ። ከቡራዩ ወደ ሊባኖስ ለሥራ የሄደች፣ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው እየጎተተ መኪና ውስጥ ሲያስገባት በቪዲዮ ተቀረጸ፣ በቴሌቪዥንም ታየ። ሰውየው ከቀጠራት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ያለው ነበር። የአእምሮ ችግር አለባት ተባለ። ፖሊስ ወሰዳት፣ ቀጥሎ ዴር ኤል ሳሊብ ወደተባለ የአእምሮ ሆስፒታል ገባች። መጋቢት 5 ቀን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ራሷን አጠፋች።

ያንን ቪዲዮ ስንቶቻችን አይተን አልቅሰናል። ግን ልብ በሉ፣ የዚያን ሌሊት የእኛን በር ከፍቶ ያየ ሰው ቢኖር የሚያየው ያንኑ ነበር፤ ሰዎች አንዲት የምታለቅስ ሴት ይዘው ሲጎትቱ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?

መጀመሪያ «እኛ እንወዳታለን፣ ያኛው ግን ለገንዘቡ ነው» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህ ግማሽ እውነት አለው። እኛ በምንሠራበት ቤት «መጅኑና» የሚለው ቃል ለስንቱ ነው የሚውለው? ደሞዟን የጠየቀች መጅኑና ናት። በዒድ ቀን ልጇን አስታውሳ ያለቀሰች መጅኑና ናት። «ደክሞኛል» ያለች መጅኑና ናት። ብር የከፈለባት ሰው «አብዳለች» ሲል፣ የሚናገረው ስለ ጤንነቷ ነው ወይስ ስለ ብሩ? ተጠቃሚ የሆነ ሰው ምስክር ሊሆን አይገባም።

ግን ፍቅርም ብቻውን አይበቃም። በአገራችን ሰንሰለት የሚያስሩት ጠላቶች ሳይሆኑ እናትና አባት ናቸው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ለብዙ አሥር ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የገጠር ቤተሰብ ሐኪም ሲያጣ ልጁን ጓዳ ያስራል፣ ወይም ጠበልና ሩቅያ ይወስዳል። ዱዓውንና ጠበሉን አልነቅፍም። የምለው፣ በፍቅር የታሰረ ሰውም የታሰረ ነው። ዓመት ሲያልፍ «ይፈታ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

አንድ ሕግ የተማረ ወንድማችን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ቁጥር 341 እና 342 አንብቦ አስረዳኝ። በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የገባ ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። ነዋሪው ከ2 ሺህ በታች በሆነ ቦታ ደግሞ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት እየጠበቁት፣ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ከከለከሉት እንደዚያው ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ውልና ስለ ፊርማ እንጂ ስለ ሕክምና አይደለም። እኔን ግን ደነገጠኝ። መታሰሩ ራሱ የእብደቱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። እኛም ያሰብነው እንደዚያ ነበር። «ባታብድ ለምን እንቆልፍባታለን?» እንል ነበር።

ሌላ ዓይነት ሕግም አለ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1978 የአእምሮ ሆስፒታሎቿን ቀስ በቀስ የሚያዘጋ ሕግ አወጣች። እዚያ ሰውን በግድ ለማከም ሐኪም ይጠይቃል፣ ሌላ ሐኪም ያረጋግጣል፣ ከንቲባው ይፈርማል፣ ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ያየዋል። ጊዜውም 7 ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ምክንያት ማቅረብ ግድ ነው። እዚህ ሳዑዲም በ1435 ሂጅራ፣ በእኛ 2006 ዓ.ም.፣ የአእምሮ ጤና ሕግ ወጥቷል። ለራሱ ወይም ለሌላው አደጋ የሆነን በሽተኛ ያለ ፈቃዱ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ታካሚው አቤት የሚልባቸው የቁጥጥር ምክር ቤቶችንም አቋቁሟል።

ጥሩ ሕግ ማለት፣ እንደገባኝ፣ የያዘውን ሰው የሚጠረጥር ሕግ ነው። ክፉ ሰው ነው ብሎ ሳይሆን፣ የያዘ ሰው ራሱን ማየት ስለማይችል ነው።

ግን አቤት ለማለት ቋንቋ ያስፈልጋል። አንዷ እህታችን ታማ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ አስተርጓሚዋ ማናት? ማዳሟ ናት። ሐኪሙ የሚጠይቀው ማዳምን ነው፣ የሚመልሰውም ለማዳም ነው። ሕጉ ወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ አፏ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ምን ይጠቅማታል?

እኛስ አማርኛ እየቻልን መች ጠየቅናት? በዘጠነኛው ቀን አንዲት ነርስ የሆነች ኢትዮጵያዊት በስልክ አገኘን። «ለእሷ ስጡልኝ» አለችን። ከዚያ ቀስ ብላ «አብሽሪ የኔ እህት፣ ከተኛሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለቻት። ልጅቷ መለሰች። በረመዳን እስከ ስሑር ስትሠራ፣ ጠዋት ደግሞ ከልጆቹ ጋር ስትነሳ እንቅልፏ እንደጠፋ ነገረቻት። የ14 ወር ደሞዝ እንዳልተከፈላት ነገረቻት። «ስልክ ስጡኝ» ስትል የነበረውም፣ እናቷ ጋ የተወችው ልጇ ታሟል የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። እኛ «ትቀባዥራለች» ብለን ስልኩን ደብቀን ነበር። ነርሷ ሐኪም ቤት መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ስታስረዳት «እሺ» አለች። በእግሯ ሄደች። ማንም አልጎተታትም።

ያን «እሺ» ስሰማ አፈርኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በግድ የያዝናት ስለማትስማማ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አሁን አገሯ ገብታለች፣ ኮምቦልቻ ናት፣ መድኃኒቷን ትከታተላለች። አንድ ቀን እንዲህ የሚል ድምፅ ላከችልኝ፦ «ጣራው ላይ ስለያዛችሁኝ አላህ ይስጣችሁ። ስምንቱን ቀን ግን አልረሳሁትም።»

ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ የለኝም። ለዚያች ሌሊት ኃይል አስፈላጊ ነበር። ከነጋ በኋላ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ምክንያት ማቅረብ ነበረብን። ቁልፍ የያዘ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ እሷ ብትቆለፍ እኔ ምን እጠቀማለሁ? ፍርሃቴ ስለ እሷ ነው ወይስ ስለ ራሴ? በራሷ ቋንቋ የሰማት ሰው አለ? ነገ መጥቶ «ፍቷት» ሊለኝ የሚችል ሌላ ሰው አለ? ያሰብኩት ሦስት ነበር፣ አራት ሆነ።

ማኅበራችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ የሚችሉ፣ በስልክ ለማስተርጎም ፈቃደኛ የሆኑ እህቶች ይመዝገቡልን። እኔም ዓረብኛዬ ደህና ስለሆነ ስሜን ሰጥቻለሁ። ጁምዓ ከዐስር በኋላ ስልኬ ክፍት ነው። ተሳስታለች የምትሉኝም ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።