የመቻል ሁለት ትርጉምና የአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ሞላ

አማርኛ “ቻለ” በሚለው አንድ ግስ የተለያዩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን ይናገራል፤ አንደኛው አንድን ነገር የማድረግ አቅም ሲሆን ሁለተኛው የመጣን ጭነት ወይም መከራ ተሸክሞ ማለፍ ነው። እግዚአብሔር “ሁሉን ቻይ” ሲባል ለኃይሉ ወሰን የለውም ማለት ሲሆን፣ አንዲት እናት “ቻይ ናት” ስትባል ግን የሚደርስባትን በሆዷ ይዛ ቤቷን ታኖራለች ማለት ነው። ግእዝ ሁለቱን ለያይቶ የሚችለውን “ከሃሊ”፣ የሚታገሠውን “ዕጉሥ” ይላል፤ በጸሎተ ሃይማኖት ለአብ የተሰጠው ስም ደግሞ “አኃዜ ኵሉ”፣ ሁሉን የያዘ፣ የሚል ነው። አማርኛ ግእዝ የለያቸውን በአንድ ቃል መጠቅለሉ የቃላት እጥረት ነው ወይስ በአቅምና በትዕግሥት መካከል ያለ እውነተኛ ዝምድና ስለታየው ነው የሚለው ጥያቄ፣ ከሰዋስው አልፎ የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል።

ብዙ ሰው ትዕግሥትን የአቅመ ቢስ ስንቅ አድርጎ ይቆጥራል፤ የሚችል ይመታል፣ የማይችል ይታገሣል ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ወደ ሰማይ ሲዞር ከባድ ጭንቀት ይወልዳል፤ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ክፉውን ዝም ብሎ ካየ፣ ወይ አልቻለም ወይ ግድ የለውም ያሰኛልና። ታሪኩ በ17ኛው መቶ ዘመን የሆነው፣ የደራሲው ማንነትም ሊቃውንትን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ በሰዎች ክፋት ፊት የሚሰማ አምላክ መኖሩን የሚጠይቀው ከዚሁ ጭንቀት ተነሥቶ ነው። የጭንቀቱ መሠረት ግን አንድ ያልተመረመረ ሐሳብ ነው፤ እርሱም ብርታት ማለት ንቅንቅ አለማለት ነው የሚለው ነው። ይህን ሐሳብ ለመመርመር ከመጻሕፍት ይልቅ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል የተሻለ ይረዳል።

አዲስ አበባን ከከበቡትና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶኑ ሲታለፍ ፒስታ፣ ከፒስታው ቀጥሎ ዝናብ የቦረቦረው የእግር መንገድ ስለሚመጣ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ሰውና ጭነት ተሸክሞ የሚመላለስ ሞተር የፊት ጎማው በየደቂቃው ይመታል። ምቱን የሚቀበሉት ጎማውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መሪው የሚወጡት ሁለት ጥንድ ቱቦዎች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል፣ በውስጣቸውም ረጅም ሞላና ጥቂት ዘይት አለ። ሞላው የሚገፋውን ኃይል ሲቀበል የሚጨመቅ ጥምዝ ብረት ሲሆን፣ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ እየተገደደ የሞላውን ንዝረት ያረግባል። በዘይት የሚረግብ እንዲህ ያለ የፊት ሾክ በፋብሪካ ምርት ላይ የዋለው በ1935 እ.ኤ.አ. በጀርመኑ ቢኤምደብሊው ሞተሮች ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ንዝረት ይገታ የነበረው በአብዛኛው እርስ በርሳቸው በሚፋተጉ ዝርግ ክቦች ነበር።

ሞላና ዘይት የሚሠሩት ሥራ የተለያየ መሆኑን ሳይረዱ ስለ ትዕግሥት መናገር አይቻልም። ሞላ ብቻውን የተቀበለውን ምት አያጠፋም፤ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያም የተቀበለውን ያህል መልሶ ይወረውራል። ዘይቱ አርጅቶ የቀጠነበት ወይም በተበላ የዘይት ማገጃ ላስቲክ በኩል ፈስሶ ያለቀበት ሞተር ከአንድ ጉድጓድ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ የሚያጎነብሰውና ቀና የሚለው፣ አሽከርካሪውንም ካለፈው ጉድጓድ ይልቅ የሚያንገላታው በዚህ ምክንያት ነው። አማርኛ ይህን የነፍስ ሁኔታ ቂም ይለዋል። ቂመኛ ሰው ለጊዜው ዝም በማለቱ ታጋሽ ይመስላል፤ ያደረገው ግን ምቱን ማስቀመጥ ብቻ ነው። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” የሚለው ተረት የተቀመጠው ነገር መውጣቱ እንደማይቀር ያውቃል። ዘይቱ ግን የምቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ሙቀቱም በቱቦው ግድግዳ አልፎ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ይቅርታም እንዲሁ ጉድጓዱ አልነበረም አይልም፤ የመጣውን ምት በሙሉ ተቀብሎ መልሶ ሊመታበት ወደማይችል ነገር ይለውጠዋል እንጂ። ለውጡ ሥራ ስለሆነ ዘይቱን ያደክማል፤ ከአሮጌ ሞተር የሚቀዳው የሾክ ዘይት ግራጫ ሆኖ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ የወጣውን ብናኝ ይዞ ይወርዳል።

ዘይቱ ከልኩ በላይ ሲወፍር ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሱሉልታ ሜዳ የንጋት ብርድ ዘይት ያወፍራል፤ ለሾክ በተሠራው ዘይት ፈንታ ወፍራም የሞተር ዘይት የተጨመረበት ሞላ ደግሞ ከመጀመሪያው ድንጋይ በኋላ ለመነሣት ሲዘገይ ሁለተኛው ድንጋይ፣ ከዚያም ሦስተኛው ይደርስበታል፤ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ በመጨረሻ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ሲያጣ እንደ ድፍን ብረት ይሆናል። ሁሉን የሚውጥ፣ ሐዘኑን የማያወራ፣ ከአንዱ ነገር ሳያገግም ሌላው የሚደርስበት ሰው ከውጭ ሲታይ እጅግ ጸጥ ያለ ነው፤ ይህ ጸጥታ ግን ትዕግሥት አይደለም፣ የትዕግሥት ቦታ ማለቅ ነው።

ዋናው ነገር ግን ልኩ ነው። የፊት ሞላ ሲስተካከል በቅድሚያ የሚለካው አሽከርካሪው ሲቀመጥ ሞተሩ በገዛ ክብደቱና በሰውየው ክብደት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው፤ በላይኛው ቱቦ ላይ ክር ይታሰርና ክሩ የተገፋበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ሾኩ በጠቅላላው 160 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ቢሆን ይህ የመጀመሪያ ዝቅታ ከ40 እስከ 53 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ሲሶ፣ መሆን ይገባዋል። ሞላው እንዲጠነክር ብሎ ከላዩ ሮንዴላ መደራረብ ይህን ዝቅታ ያጠፋዋል። ምንም ዝቅ ያላለ ሞላ ጉብታ ሲመጣ ወደ ላይ ይጨመቅ ይሆናል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ግን ጎማውን ወደ ታች የሚያወርድበት ትርፍ ስለሌለው ጎማው መሬት ይለቃል፣ መሬት ከለቀቀ ጎማ ጋር ደግሞ መሪም ፍሬንም ከንቱ ናቸው።

አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ለምን ጠቀለለ የሚለው የመነሻው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ሞተሩ መታጠፍ የሚችለው፣ መቆም የሚችለው፣ ጎማው የመንገዱን ምት እስከ ቻለ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ አቅሙ ከመሸከሙ ተለይቶ አይገኝም፤ አማርኛም ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራቱ ትክክል ነው። ብረት ለመለኮት ምሳሌ መሆኑ ወሰን አለው፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ሁሉን የያዘው ሥጋ ለበሰ፣ ተራበ፣ ተጠማ ብላ ስታስተምር፣ ዝቅ ማለቱን የኃይሉ ጉድለት አድርጋ አታየውም፤ ሰው ወደ ወደቀበት ጉድጓድ የደረሰበት ኃይል አድርጋ እንጂ።

በመጨረሻ ስለ ጭነት የሚነሣ ነገር አለ። በሰበታ ዳገት አንድ ሰውና አንድ ኩንታል የሚጭን ሞተር ባዶውን ቢለካ ልኩ ውሸት ይሆናል፤ ሞላው መጨረሻው ድረስ ተጨምቆ ብረት ከብረት ሲጋጭም ጥፋቱ የሞላው አይደለም። “ቻለው” የሚለው ምክር በደለኛውን ሳይነካ ለተበዳዩ ብቻ ሲሰጥ ይህንኑ ስሕተት ይሠራል። የትዕግሥት አባት የሚባለው ኢዮብ ልብሱን ቀድዷል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ አጎነበሰ እንጂ ከመሬቱ አልለቀቀም። ሦስቱ ወዳጆቹ ሊያጽናኑት በመጡ ጊዜ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በምድር ላይ ተቀመጡ። እግዚአብሔር በመጽሐፉ መጨረሻ የተቆጣቸው ስለዚያ ዝምታ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ስለተናገሩት ነው።