ስለማያመሰግነው ቍስለኛ

ምሕረት የተደረገለት ምሕረት አድራጊውን ባያውቀው፥ ይልቁንም እንደ ጠላት ቢፈራው፥ ያ ምሕረት ከንቱ ነውን? ብዙ ሰዎች ለድኃ እንጀራ ሲሰጡ ምርቃቱን ይጠብቃሉ፤ ምርቃቱም በቀረ ጊዜ በልባቸው ያዝናሉ፥ በማግሥቱም ደጃቸውን ይዘጋሉ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ለመመርመር የቈሰሉ ነጣቂ ወፎች ወደሚታከሙበት ቤት ብንሄድ መልካም ነው።

በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በሐዋርያው በጳውሎስ ስም በተጠራችው በሴንት ፖል ከተማ፥ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ የተመሠረተውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ነው። ንስር፥ ጭልፊትና ጉጉት ከየስፍራው ይመጡለታል። መኪና የገጨው አለ፥ ከመስኮት መስተዋት የተላተመ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን እርሳስ የተባለው ማዕድን የመረዘው ንስር ነው። አዳኝ አጋዘን ሲገድል ሥጋውን ወስዶ ሆድ ዕቃውን በዱር ይተዋል፤ የእርሳሱ ጥይት በአጋዘኑ አካል ውስጥ ደቅቆ ይበተናልና ንስሩ ከሆድ ዕቃው ጋር ይውጠዋል። ከዚያም ክንፉን ይጥላል፥ መቆም ያቅተዋል፥ እስትንፋሱም ያጥረዋል። አዳኙ ንስሩን ለመግደል ከቶ አላሰበም። ነገር ግን አለማሰቡ መርዙን ከንስሩ ደም አያወጣውም። ከመዳብ የተሠራ ጥይት ይገኛልና፥ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዳግመኛ እርሳስ የሚተኩስ ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

ለአንድ ቀን ሊጐበኝ የሚሄድ ሰው ወደ ዱር መመለስ የማይችሉትን፥ ለማስተማሪያ የተቀመጡትን ወፎች ያያል። በሕክምና ላይ ያሉትን ግን አያሳዩትም፤ የሰው ፊትና ድምፅ ያስደነግጣቸዋልና። ሐኪሙ ራሱ ወፉን ሲይዝ ዓይኑን በቆብ ይሸፍንለታል። ጫጩት በሚያሳድጉ ቤቶች ደግሞ መጋቢው ፊቱን ይሰውራል፥ ወይም የወፍ ራስ በሚመስል አሻንጉሊት ምግቡን ያቀርባል፤ ጫጩቱ ሰውን እናቴ ነው ብሎ ከለመደ ወገኖቹን አያውቅም፥ በዱርም ለመኖር አይችልም። እኛ ፍቅራችንን በጕርሻ የምንገልጽ ሰዎች ይህ ይከብደናል። አጕራሽ ሆኖ ፊትን መሰወር እንዴት ያለ ነገር ነው! ሆኖም ከዚህ የጠራ ቸርነት አላውቅም።

«አንዱን ጭልፊት ለማዳን ስንት አይጥ ይሞታል?» ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ጥያቄውም የዋዛ አይደለም። ጭልፊት ግን ስንዴ በልቶ አይኖርም። ደም እንዳያይ ብሎ ስንዴ የሚያቀርብለት ሰው የሚያስበው ለጭልፊቱ ሳይሆን ለገዛ እጁ ንጽሕና ነው፤ ወፉም በዚያ ንጽሕና ይሞታል።

ከዚህ የሚብስ ጥያቄም አለ። አጥንቱ ሊጠገን የማይችለውን፥ ሕመሙም የማይቀልለትን ወፍ በመድኃኒት አስተኝተው ይገድሉታል። ስለ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከቶ አልቀበልም። ስለ ንስር ግን፥ ዐይናችን እንዳያለቅስ ብለን በሥቃይ በሣጥን ውስጥ ብናኖረው ያ ለእኛ እንጂ ለእርሱ ምሕረት አይመስለኝም።

የሚድነው ግን ብዙ ድካም ይደረግለታል። ላባው ቢሰበር ከሌላ ወፍ የወደቀውን ላባ በቀጭን ዘንግ ሰክተው ይቀጥሉለታል፤ ክንፉም እስኪበረታ ድረስ በረዥም ገመድ አስረው በሜዳ ያበርሩታል። በመጨረሻው ቀን ሣጥኑ ይከፈታል። ንስሩ ይወጣል፥ ወደ ኋላው ሳይመለከት ከዛፎቹ በላይ ይሄዳል። ሰዎቹም ባዶውን ሣጥን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ለሚመጣው ቍስለኛ መታጠብ አለበትና።