የኋላው ታሪክ የፊተኛውን ይለውጣል?
የፊንላንዱ ሬሜዲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 «አለን ዌክ» የተባለውን የቪዲዮ ጌም ሲያወጣ፣ ጨዋታው ብራይት ፎልስ በምትባል ከተማ ሚስቱ ስለጠፋችበት ደራሲ የሚተርክ፣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነበር። በ2019 የወጣው «ኮንትሮል» ግን ያንኑ ክስተት እንግዳ ነገሮችን በሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ አገባው፤ በ2020 በተጨመረው ክፍልም የፊተኛው ጨዋታ ሐኪም ሃርትማን አውሬ ሆኖ ተመለሰ። ታዲያ በ2010 ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ያየው ሙሉ ታሪክ ነበር ወይስ ቁራጭ? እንደ እኔ፣ የሆነው ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምን አካል እንደሆነ ነው። ታናሽ ሲወለድ የመጀመሪያው ልጅ ታላቅ ይባላል፤ ገላው ላይ ግን የተጨመረ ነገር የለም።

«እንዲህ ከሆነማ የታሪኮችን ዝምድና የሚወስነው የባለቤትነት ወረቀት ነው» የሚል አይጠፋም። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በ2001 የወጣውን «ማክስ ፔይን» የሠራው ሬሜዲ ቢሆንም መብቱ የሮክስታር ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ በ2023ቱ «አለን ዌክ 2» የምናየው መርማሪ ማክስ ሳይሆን አሌክስ ኬሲ ይባላል። ፊቱ ግን እንደ ጥንቱ ማክስ የጨዋታዎቹ ደራሲ የሳም ሌክ፣ ድምፁም የማክስ ድምፅ የነበረው ተዋናይ የጄምስ ማካፍሪ ነው። ሆኖም ወረቀቱ የከለከለው ስሙን ነው። ቀጣይነት የሚኖረው በአንዱ ታሪክ የደረሰው በሌላው መዘዝ ሲያመጣ ነው፤ ሃርትማን ላይ የሆነውም ይኸው ነው። መልክና ድምፅ ይህን አይተኩም። ስለዚህ ኬሲ የማክስ አምሳያ እንጂ ማክስ አይደለም፤ መብቱ ነገ ወደ ሬሜዲ ቢመለስም እንኳ።