የተገዛው ውሻና የተጣለው ውሻ

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በለንደን ከተማ ጠፍተው ለሚንከራተቱና ለተራቡ ውሾች መጠጊያ ቤት አቆመች፤ ቤቱም በ1871 ወደ ባተርሲ ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ። በዚያችው ከተማ በ1873 የውሾችን የትውልድ ሐረግ በመዝገብ የሚጽፍ ማኅበር ተመሠረተ። እንግዲህ ውሻ ሊያሳድግ የሚወድ ሰው ወደ የትኛው ደጅ ይሂድ?

የበግ መንጋ ያለው ሰው ዘሩ የታወቀውን ቢገዛ አይነቀፍም፤ መንጋ የመንዳት ጠባይ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳልና። ለጓደኝነት ብቻ የሚፈልገው ግን ስለ መልክ ብዙ ገንዘብ ሲከፍል ልቡን ሊመረምር ይገባዋል። ቡልዶግ የሚባለው ውሻ ፊቱ ጠፍጣፋ እንዲሆን ሰዎች ትውልዱን እየመረጡ ስላራቡት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የቡችሎቹም ራስ ትልቅ ስለ ሆነ እናቲቱ ብዙ ጊዜ በሐኪም ቢላዋ ካልሆነ አትገላገልም። ውበቱን ባለቤቱ ያየዋል፥ ሕመሙን ግን ውሻው ይሸከመዋል። ጦብያን በመንገድ የተከተለው ውሻ እንኳ ከምን ዘር እንደ ሆነ አልተጻፈለትም።

የተጣለውን መውሰድም ቀላል አይደለም። በሰው እጅ የተደበደበ ውሻ ሊዳብሱት ሲሉ ይሸሻል፥ አንዳንዱም ይነክሳል። የሰው ምስጋና ሽቶ የወሰደው ሰው በሳምንቱ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው መጣል ከፊተኛው ይከፋል። እንዲህ ያለው ሰው ፊቱኑ ባይወስደው ይሻል ነበር። መንጋ የሌለው ታጋሽ ሰው ግን ወደ ባተርሲው ደጅ ይሂድ፤ ቡችላውን ሌላ ገዢ አያጣውም፥ በዚያ የተኛውን ሽማግሌ ውሻ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው።